የ12 ቁጥሩ ማሾ ለምን 37 ላይ ገባ?

ከሸዋ ሮቢት አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ለማሾ መጋዘን በፒኤችፒ የርክክብ መመዝገቢያ ሠርቷል። መዝጋቢዋ ታዲያ የ12 ቁጥሩን ገበሬ ገጽ ትከፍታለች፤ ጆንያው ተመዝኖ እስኪያልቅ ዝም ብላ አትቀመጥም፣ በሌላ ታብ የ37ን ትከፍታለች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ታብ ተመልሳ 3 ኩንታል ብላ «መዝግብ»ን ስትጫን ማሾው ለ37 ይገባል። «ገጹ ላይ ያለው ስም እኮ የ12 ነው፣ ኮዱን አሥር ጊዜ አየሁት» ይላል። በዚያ ላይ ባለቤቱ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሌላ መስኮት ከፍቶ ሲገባ የመዝጋቢዋም መስኮት በባለቤቱ ስም ይሆናል።

ወንድሜ፣ ኮዱ አላበደም። ያዘዝከውን ነው የሠራው።

ኤችቲቲፒ፣ ብራውዘሩና ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ማስታወስ የሚባል ነገር አያውቅም። መልስ ሰጥቶ ሲጨርስ ማን እንደጠየቀው ረስቷል። በ1994 እ.ኤ.አ. የብራውዘር ሠሪው የኔትስኬፕ ባለሙያ ሉ ሞንቱሊ ኩኪን፣ ሰርቨሩ ብራውዘሩ ዘንድ የሚያስቀምጣትን ትንሽ ማስታወሻ፣ ያመጣው ለዚሁ ነው። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን አስብ፦ አንተ እጅ ያለችው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ናት፣ ፋይልህ ግን እነሱ መደርደሪያ ላይ ነው። ካርዷ ኩኪ ናት፣ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ፋይል ደግሞ ሴሽን።

ካርዷን የያዘው ደግሞ ብራውዘሩ ነው እንጂ መስኮቱ አይደለም። አዲስ ታብ ክፈት፣ አዲስ መስኮት ክፈት፣ ከፈለግህ ሃያ ክፈት፤ አንድ ፕሮፋይል ውስጥ እስካሉ ድረስ ሁሉም ያችኑ ካርድ ነው የሚያሳዩት። ሰርቨሩ ከኩኪው ብቻ ተነስቶ የትኛው መስኮት እንደላከው ሊለይ አይችልም።

አሁን የላክልኝን ኮድ እንየው። «የተመረጠ ገበሬ» የሚለውን ሴሽን ውስጥ ከተሃል። መጀመሪያ 12 ተጻፈ፣ ሁለተኛው ታብ ሲከፈት በላዩ 37 ተጻፈበት። ፎርሙ የሚልከው ኪሎውን ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩ ለማን እንደሆነ ለማወቅ ፋይሉን ይገልጣል፣ 37 ያገኛል። ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ቀድሞ የተሳለ ነው፣ ማንም አያነበውም።

መፍትሔው ገበሬውን ሴሽን ውስጥ የሚጽፈውን መስመር ማጥፋት ነው። የገበሬው ቁጥር ሊንኩ ላይና ፎርሙ ውስጥ በሂደን ኢንፑት (ገጹ ላይ በማይታይ መሙያ) ይሂድ፣ እያንዳንዱ ታብ የራሱን ይዞ ይምጣ። ሴሽን ውስጥ ሎግ ኢን ያደረገው ሰው ማንነት ብቻ ይበቃል። ሂደን ኢንፑትን ግን ማንም ከብራውዘሩ ሊቀይረው ስለሚችል ሰርቨሩ ላይ ፈቃዱን ሳታጣራ አትመዝግብ። «ሴሽን ስቶሬጅ (ብራውዘሩ ውስጥ ያለ ማስቀመጫ) ተጠቀም፣ እሱ በየታቡ የተለየ ነው» የሚልህ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ግን ሰርቨሩ አያየውም፣ ታቡ ዱፕሊኬት ሲደረግም አብሮ ይገለበጣል። ለዚህች ሥራ አያስፈልግህም።

የባለቤቱ ጉዳይ ሌላ ነው። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይታከምም። ለባለቤቱ ክሮም ላይ የራሱን ፕሮፋይል ክፈትለት። ኢንኮግኒቶም (ታሪክ የማያስቀምጠው መስኮት) ይሠራል፣ ግን ክሮም ላይ ሁለት የኢንኮግኒቶ መስኮቶች እርስ በርስ ካርድ ይጋራሉ፣ እንዳትሸወድ። ደግሞ ሰው ሎግ ኢን ባደረገ ቁጥር የሴሽኑን መለያም የፎርሙንም የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ፎርሙ ከራስህ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ቁጥር) አድስ፤ መዝጋቢዋ ቀድማ የከፈተችው ፎርም በባለቤቱ ስም ከሚገባ ተመልሶ «ገጹን እንደገና ክፈቺ» ቢላት ይሻላል።

በነገራችን ላይ ኩኪ ፖርት፣ ማለትም ከአድራሻው ቀጥሎ የሚጻፈውን የበር ቁጥር፣ አይለይም። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን ጋቢ ተከናንቤ፣ ሎካልሆስት (የራሴው ኮምፒውተር) ላይ ሁለት ሥራ በ8000 እና በ8080 ከፍቼ፣ አንዱ ሌላውን ሎግ አውት እያደረገብኝ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። ለየሥራው የተለያየ የሴሽን ስም ስጥ፣ ይገላግልሃል።

ካስተካከልክ በኋላ 12ን እና 37ን በሁለት ታብ ክፈትና መጀመሪያ በከፈትከው መዝግብ። እስካሁን የተሳሳተውን ግን ኮድ አይመልስልህም። የሚዛን ደረሰኞቹን አውጥታችሁ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ በተለይ በደቂቃዎች ልዩነት ለአንድ ገበሬ ሁለቴ የገባውን። ይህንንም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት አድርጉት።