ስለ 2147483647 ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ውድ ልጆቼ፣

ፕሮግራሚንግ የሚማር አንድ ወጣት ሰሞኑን «ጋሼ፣ 2147483647 ፕራይም ነው ይላሉ። ኮምፒውተር ሳይኖር እንዴት ታወቀ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። ኮድ የምትጽፉ ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ኔጌቲቭ ቁጥሮችንም የሚይዝ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (በኮምፒውተር ውስጥ የቁጥር ማስቀመጫ ዓይነት) ጣሪያው እሱ ነው። 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ ይመጣል። ፕራይም መሆኑን የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1772 ነው።

ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። አራት ኪሎ ስንማር አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ይህንኑ ቁጥር በእጁ ሊያካፍል ተነሳ። ዳግም ዘሩ ከ46,341 ትንሽ ስለሚያንስ እስከዚያ ያሉትን ፕራይሞች መሞከር ይበቃል። እነሱ ግን ከ4,700 በላይ ናቸው። እኔ ወደ ምሳ ሄድኩ። የዚያን ዘመን የካፌ ምግብ ዛሬም ይናፍቀኛል። እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ማታ ዶርም ሲመጣ ፊቱ በርቷል። «ሁሉንም መሞከር የለብንም!» አለኝ። ቁጥሩ ፕራይም አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፋል። ለምን? ሁለትን ደጋግመን እያባዛን ለአካፋዩ ስናካፍል፣ ቀሪው በየ31 እርምጃው ወደ 1 ይመለሳል። 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ከዚያ ቀድሞ አይመለስም። በፌርማ ሕግ ደግሞ፣ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ በሚገኘው ቁጥር ልክ ከተራመድን ቀሪው 1 ይሆናል፤ ስለዚህ ያ ቁጥር ለ31 መካፈል አለበት። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ያ ቁጥር ለ2ም ይካፈላል፤ ስለዚህ ለ62ም ይካፈላል። ኦይለር አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸውን ብቻ ለሙከራ ለይቷል። እነዚያ 400 እንኳ አይሞሉም። ጓደኛዬ ኦይለርን አላነበበም ነበር። ከራሱ ነው ያወጣው።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና ተበታተንን። ደብተሩ የት እንደቀረ አላውቅም። እሱም ወደ ሒሳብ አልተመለሰም። ያቺን ገጽ ገልብጬ ይዣት ቢሆን እላለሁ፣ እስከ ዛሬ። ዘዴው በየመጽሐፉ አለ። የሱ አካሄድ ግን የትም የለም።

ጠንክራችሁ ተማሩ አልላችሁም፣ ሰልችቷችኋል። የዘንድሮ ልጆች መልሱ ቶሎ ስለሚደርሳችሁ «ለምን?» ሳትሉ ታልፋላችሁ፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ስልኩን አስቀምጡና በወረቀት ሥሩ። ደግሞ ፕሮግራም ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው ፕራይም ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው፤ ያ በእጅ የማይታሰብ ነው። ብቻ የሠራችሁበትን ወረቀት አትጣሉ። ለጓደኛ አስገልብጡት።

ዛሬ ማታ 29 ሁለቶችን አባዙና 1 ቀንሱ። 536870911 ይመጣል። በዚያው ሐሳብ ፕራይም አካፋዮቹ ለ58 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። 59፣ 117፣ 175 እያላችሁ ሂዱ። 233 ላይ ያለ ቀሪ ይካፈላል። የቀሩትን ሁለት ፕራይም አካፋዮች ፈልጉና ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ላኩልኝ።