ደንገጎ ላይ የሚጠፋው ድምፅ፦ ሄልሜት ውስጥ ስለሚገባ ብሉቱዝ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው ሳቢያን ነው። ዕቃ የማደርሰው በሞተር ስለሆነ ደንበኞች መንገድ ላይ ይደውሉልኛል፤ ለዚህ ብዬ ሄልሜት ውስጥ የሚገባ ብሉቱዝ ገዛሁ። ከዚራ ውስጥ ስነዳ ሙዚቃውም ስልኩም ጥርት ብሎ ይሰማል። በሐረር መንገድ ወደ ደንገጎ ዳገት ስወጣ ግን ድምፁን እስከ መጨረሻው ብከፍተውም አይሰማኝም። ስፒከሩ እንዲመቸኝ የሄልሜቱን ፎም ትንሽ ልቦርቡረው? ወይስ ሌላ ልግዛ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ፎሙን በፍጹም እንዳይነኩት። ከጨርቁ ሥር ያለው ነጭ ፎም ሲወድቁ እየተጨፈለቀ ምቱን ተቀብሎ ራስዎን የሚያተርፈው ክፍል ነው። የተቦረቦረው ቦታ ላይ የሚጨፈለቅ ነገር አይኖርም፤ ቦታው ደግሞ ጆሮ ግንድዎ ላይ ነው። ብዙ ሄልሜቶች የጉንጩ ስፖንጅ ሲነሳ ጆሮው ጋ ለስፒከር የሚሆን ክብ ጎድጓዳ አላቸው። ይህ ከሌለው ስስ ስፒከር ይፈልጉ እንጂ ቢላዋ አያንሱ።

ሌላ መግዛትም አያስቸኩልም። እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ሲመጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የስፒከሩ አቀማመጥ ነው። ስፒከሮቹ ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ትንንሾች ናቸው፤ ከጆሮ ቀዳዳ አንድ ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ሲሉ ድምፁ በጣም ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ ፍጥነቱም ነፋሱም ትንሽ ስለሆነ ጉድለቱ አይታወቅም፤ ዳገቱ ላይ ነፋሱና የከባድ መኪናው ጩኸት ሲጨመሩ ንግግሩ ይዋጣል።

እንዲህ ያድርጉ። የጉንጩን ስፖንጅ አውጥተው ስፒከሩን ሳያጠብቁ ጎድጓዳው ውስጥ ያስቀምጡት። የሚያውቁትን ዘፈን በመካከለኛ ድምፅ ይክፈቱ፤ ሄልሜቱን አድርገው ማሰሪያውን ይቆልፉ፤ ሳይታሰር የሚቀመጥበትና ታስሮ የሚቀመጥበት ቦታ ይለያያልና። ከዚያ ጣትዎን ከሥር አስገብተው ስፒከሩን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደላይ ትንሽ ትንሽ እያንሸራተቱ ያዳምጡ። ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ሞልቶ የሚመጣበት ቦታ አለ፤ እዚያው ላይ ያጣብቁት። አሁንም ከጆሮዎ ራቅ ካለ ከኋላው ክብ ስፖንጅ ይደርቡበት። ጆሮን ነካ ማድረግ አለበት፤ ከተጫነ ግን ገና ሐረር ሳይደርሱ ያሳምምዎታል። ረጅሙን ሽቦ በማጅራት በኩል ከጨርቁ ሥር ያሳልፉት፤ ስፖንጁ ሲገጠም ቁልፎቹ መሃል ከተያዘ ውሎ አድሮ ይበጠስና አንዱ ወገን ዝም ይላል።

ለማጣበቅ ማስቲሽ አይጠቀሙ፤ የቆየ ሙጫም በቤንዚን ወይም በቲነር አይጥረጉ። ሁሉም ነጩን ፎም ያሟሙታል፤ ጉዳቱ ደግሞ ከጨርቁ ሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም። ከዕቃው ጋር የመጣውን ባለሁለት ፊት ማጣበቂያ ይጠቀሙ፤ የመሣሪያው መያዣ የሚለጠፍበትን የሄልሜቱን ውጪ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ያንሱለት፤ ሲደርቅ ይለጥፉና አጥብቆ እስኪይዝ አንድ ቀን ይተዉት። የድሬ አቧራ ላይ የተለጠፈ ማጣበቂያ ሳምንት አይቆይም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድምፁን እስከ መጨረሻው መክፈት ካስፈለገ ያቁሙ። የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ 85 ዴሲቤል ጆሮ ለ8 ሰዓት የሚችለው ተብሎ ይታሰባል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በፍጥነት ሲነዳ ሄልሜት ውስጥ የሚገባው የነፋስ ጩኸት ብቻውን እዚህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ነፋሱን ይቀንሱ፦ መስታወቱን ይዝጉ፣ ከአገጭ ሥር ያለውን ክፍተት በሻሽ ይሙሉ። በእኛ እምነት ደንገጎ ላይ ሙዚቃው ጭራሽ ቢጠፋ ይሻላል። ጠመዝማዛው ላይ ከወዲያ የሚመጣውን ከባድ መኪና ቀድሞ የሚነግርዎት ጥሩንባው ነው። ደንበኛው ሲደውልም «መንገድ ላይ ነኝ፣ ቆሜ እደውላለሁ» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ እሰማለሁ፣ የደወለልኝ ሰው ግን «ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ» ይላል። ሄልሜቴ አገጭ የሌለው ነው። (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ለእርስዎ የሚሆነው በዘንግ የሚወጣው ማይክ ነው፤ ትንሿ የሽቦ ማይክ አገጭ ላለው ሄልሜት የተሠራች ናት። የማይኩን ጫፍ ከከንፈርዎ ጥግ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግተው፣ ቀዳዳ ወይም ምልክት ያለበትን ፊት ወደ አፍዎ ያዙሩት። ተገልብጦ ወደ ውጪ ከዞረ ከእርስዎ ይልቅ መንገዱን ይሰማል። ጥቁሯ የስፖንጅ ቆብ ወድቃ ከሆነ ለስለስ ካለ ስፖንጅ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጠው ያልብሱት። ለብርዱ ሻሽ የሚያደርጉ ከሆነ ማይኩን እንዳይፈትገው ይጠብቁ።

ስልኩን ራሱን ጉንጭና ሄልሜት መሃል ሸጉጠው የሚያወሩ ብዙ አሉ። ሲወድቁ ጉንጭ አጥንትን የሚመታው ያ ስልክ ነው፤ እባክዎ ይህን አያድርጉ።

ጥያቄ፦ ስልክ ሲደወል ሄልሜቱ ውስጥ ይሰማል፤ ዘፈን ግን ከስልኩ ነው የሚወጣው። (ከመጋላ)

መልስ፦ ጥሪና ዘፈን በተለያየ መስመር ነው የሚሄዱት። ሴቲንግ፣ ብሉቱዝ ይግቡና ከመሣሪያው ስም ጎን ያለችውን ምልክት ይጫኑ፤ «ሚዲያ ኦዲዮ» ጠፍቶ ያገኙታል፤ ያብሩት። ካልሆነ መሣሪያውን ከስልኩ ላይ ሰርዘው እንደ አዲስ ያገናኙት።

ጥያቄ፦ ቀን ሙሉ ይሠራ የነበረው ባትሪ አሁን ሁለት ሰዓት አይቆይም። ሄልሜቴን ሞተሩ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምውለው። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ባትሪውን የጎዳው ፀሐዩ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ የሊቲየም ባትሪዎች በአብዛኛው ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለባቸውም፤ ጥቁር ሄልሜት ደግሞ በድሬ ቀትር ፀሐይ ላይ ከአየሩ ሙቀት እጅግ ያልፋል። ሲቆሙ መሣሪያውን ከመያዣው ነቅለው ኪስዎ ያስገቡት። ከፀሐይ እንደገባ ቻርጅ አያድርጉ፤ ለእጅ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ከቻርጅ ሲነቅሉም የቻርጅ ቀዳዳውን የላስቲክ ክዳን ይዝጉ፤ ተከፍቶ ከዋለ አቧራው ይሞላበታል። ባትሪው አብጦ የመሣሪያውን ክዳን ከገፋ ግን ከእንግዲህ ቻርጅ አያድርጉት።