«ምን አውቆ ነገረኝ?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አዋቂ ቤቶች ከጻፍኩ ወዲህ ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የመጀመሪያው ቀን የማይሰጥ ስለነበረ በዚያው ሰዓት በስልክ መልሼዋለሁ። ለሌላውም ይጠቅማልና አስቀድሜዋለሁ።

«የሰባት ዓመት ልጄን የማናውቀው ውሻ ነከሰው። ጎረቤቶቼ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂ ዘንድ ውሰጂው፣ እሳቸው ካከሙት የሞተ የለም ይሉኛል። ምን ላድርግ?» (ከደሴ፣ ሆጤ)

እህቴ፣ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው። ከዚያ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚደጋገም ነውና አንዱንም ቀን እንዳትዘዪ።

«የሞተ የለም» የሚለውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። እስቲ እንቁጠረው። የሚናከስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ በበሽታው አይያዝም። ወደ አዋቂው ከሄዱት ብዙዎቹ ቅጠሉን ባይጠጡም የማይታመሙ ነበሩ፤ «ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው» ብለው የሚመሰክሩትም እነዚሁ ናቸው። በሽታው ደግሞ አድብቶ ይቆያል፤ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቅጠል የጠጣው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ሲቦርቅ እናቱ ዶሮ ይዛ ለምስጋና ትሄዳለች። ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው መታነቅ ከጀመረ ግን ሐኪምም አይመልሰው። ያኔ ቤተሰቡ የሚሮጠው ወደ ሆስፒታል ነው፤ ልጁ የሚሞተውም እዚያ ነው። አዋቂው ዘንድ «የሞተ የለም» የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። በሳሙናና በመርፌ የሚከለከል ሞት ስለሆነ ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል።

ልጁ በዚያው ቀን የመጀመሪያውን መርፌ ወስዷል።

«አዋቂ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ የወንድሜን ስደት፣ የወገቤን ሕመም፣ የሚቀናብኝ ሰው እንዳለም ነገሩኝ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር። ምን አውቀው ነገሩኝ?» (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ከመግባትህ በፊት የት ተቀምጠህ ነበር?

የዛሬ ስድስት ዓመት ጎረቤቴን ተከትዬ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ግቢ ሄጄ ነበር። ተራ ጠባቂው ሁሉ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ዳስ ሥር ይቀመጣል፤ አንዲት ፈገግታ የማይለያት ሴት ቡና ታፈላለች። ሲኒውን ስታቀብል «ከየት ነው የመጣችሁት? ምን አገኛችሁ?» ትላለች። አጠያየቋ አንጀት ይበላል፤ ሰውም ሆዱን ዘርግፎ ይነግራታል። እኔ ወንድም የለኝም። ነገር ግን «ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ድምፁ ጠፋ» አልኳት። አቦሉ እንደ ተጠጣ ዕጣን ላምጣ ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቶናው ሲቀዳ ተመለሰች። ተራዬ ደርሶ ስገባ አዋቂው ዓይናቸውን ጨፍነው «አንድ ወንድም ይታየኛል፤ ከውሃ ማዶ ሆኖ ስምህን ይጠራል» አሉኝ። እናቴ ያልወለደችውን ወንድም! ጎረቤቴ ግን የሸጠችውን በግ ዋጋ አስረክባ እያለቀሰች ወጣች።

ይህ የእኛ አገር ብልሃት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፒተር ፖፖፍ የተባለ ሰባኪ ከሕዝቡ መካከል የማያውቃቸውን ሰዎች በስምና በሕመማቸው እየጠራ «ተፈወስክ» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ራንዲ የተባለው የምትሃት ትርኢት ባለሙያና ረዳቶቹ የሬዲዮ መቀበያ ይዘው ጉባኤው ላይ ሲያዳምጡ የሰሙት የሰባኪውን ሚስት ድምፅ ነው። ታዳሚዎች የሞሉትን የጸሎት ካርድ መሠረት አድርጋ በጆሮው በተሸጎጠች ትንሽ መሣሪያ ትነግረው ነበር።

የወገቡና የቅናቱ ነገር ማንም ላይ የሚገጥም ነው። በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ «የየራሳችሁ ባሕርይ ነው» ብሎ ጽሑፍ አደላቸውና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ጠየቃቸው። ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር።

«ፈዋሾችን መጠራጠር እምነትን መጠራጠር አይሆንም?» (ከደሴ)

አይሆንም። በወሎ ቤት ሁለቱም እምነት በአንድ ማዕድ ይገናኛልና ከሁለቱም ልጥቀስ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጠንቋይንና ሟርተኛን ይከለክላል፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። በሐዲስም ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ተነግሯል፤ መታከምም ታዝዟል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ጸልዩ፣ ዱዓ አድርጉ። መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚላችሁን ግን ማንም ይሁን ማን አትስሙት።

«የከፈልኩትን ገንዘብ ማስመለስ እችላለሁ?» (ከኮምቦልቻ)

በሐሰት አታሎ ገንዘብ መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስቀጣል። የባንክ ደረሰኙንና ሲከፈል ያዩ ሰዎችን ይዘህ ለፖሊስ አመልክት።

«ልጄ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው። አዋቂው ሞቷል፣ ተዝካሩን አውጪ አለኝ። ላውጣ?» (ከደሴ)

እናቴ፣ በእሱ ቃል አያውጡ። ሰውየው ስለ ልጅዎ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም። አሜሪካ ውስጥ ሲልቪያ ብራውን የተባለች ዝነኛ «ባለ ራእይ» እ.ኤ.አ. በ2004 በቴሌቪዥን ቀርባ ለአንዲት እናት የጠፋችው ልጅሽ ሞታለች ብላ ነገረቻት። እናትየው በ2006 አረፈች። ልጅቷ ግን በ2013 ከታገተችበት ቤት በሕይወት ወጣች፤ እናቷን አልደረሰችባትም።

የእርስዎ ልጅ በሕይወት አለ ብዬ አላታልልዎትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ግን የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በነፃ ያፈላልጋል። ፎቶግራፉን፣ እስከ አያቱ ያለውን ስሙን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን ቀንና ስልክ ቁጥር ይያዙ። አብሮት የወጣ የሰፈር ልጅ ካለ የእሱንም እናት ይጥሯት። ቅጽ የሚሞላልዎ ሰው ካጡ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።