ጀርባው ላይ 1992 የሚል ባትማን

ወንድሜ፣ ከቅዳሜ ገበያ የገዛኸው የባትማን አሻንጉሊት ጀርባው ላይ 1992 ስላለው በዚያው ዓመት ተሠራ ማለት ነው ወይ ላልከው፣ የግድ አይደለም። ቁጥሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የቅርጹ የባለመብትነት (ኮፒራይት) ዓመት ነው፤ ፋብሪካው ያንኑ ቅርጽ ቆይቶም ሊያወጣው ይችላል። ይልቅ አጠገቡ የኩባንያውን ስም ፈልግ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ባትማንን ያመርት የነበረው ኬነር ነው፤ ኤክስ ሜን የሚባሉትን ጀግኖች ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ቶይ ቢዝ። ጽሑፉ ከደበዘዘ፣ የዓይኑ ቀለምም ከመስመሩ ከወጣ አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ጠርጥር።

እግሩ እጅ ላይ የሚጣበቀው ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ቀስ ብለህ እጠበው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው። አደራ፣ በረኪና እንዳታስነካው፤ የጎንደር ፀሐይም ስለምትበረታ መስኮት ላይ አታቁመው። ካባው አብሮት ካለ ደግሞ እሰየው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።