ለየብቻ የሚያምሩ፣ አብረው የማይስማሙ ዶቃዎች

አንዲት የባሕር ዳር ጠያቂ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የመስታወት ዶቃ በቶርች (በጋዝ እሳት) እየሠራሁ ሐይቁ ዳር ለሚመጡ እንግዶች እሸጣለሁ። ዶቃዎቹ ለየብቻ ሲታዩ ያምራሉ። ለሐብል ስደረድራቸው ግን አይስማሙም። የጉትቻ ጥንድም አንዱ ከሌላው ይበልጥብኛል። የቢራ ጠርሙስ የቀላቀልኩባቸው ደግሞ ከቀናት በኋላ ይሰነጠቃሉ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከስንጥቁ ልጀምር። እሱ የዲዛይን ሳይሆን የመስታወቱ ጠባይ ነው። ለዶቃ ሥራ ከውጭ የሚመጣው ለስላሳ የመስታወት ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 104 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥሩ መስታወቱ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይናገራል። የጠርሙስ መስታወት ከ85 እስከ 90 ገደማ ነው። ሁለቱን አንድ ዶቃ ውስጥ ካቀለጥሻቸው ሲበርዱ እኩል አይኮማተሩም። አንዱ ሌላውን ይወጥረዋል፤ ዛሬ ባይሰነጠቅ ነገ ይሰነጠቃል። ሁለት ዓይነት ጠርሙስም አትቀላቅዪ። ያንን የሚያምር ቡናማ ግን አትጣዪው። ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ሙሉ ዶቃ ሥሪና ክሩ ላይ ከሌሎቹ ጎን አስገቢው። ጎን ለጎን ቢሰካኩ ምንም አይሆኑም፤ ጉዳቱ አብረው ሲቀልጡ ነው።

ከእሳት የወጣውን ዶቃ አመድ ውስጥ መቅበርም በድንገት እንዳይበርድ ይረዳል እንጂ ውስጡ ያለውን ውጥረት አያወጣም። የ104 ዶቃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከ510 እስከ 520 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ እስከ 370 ድረስ ቀስ እያለ ይውረድ። መሀል ላይ መብራት ከሄደብሽ በሩን አትክፈቺ። ሲመጣ ቀስ ብለሽ አሙቂውና ሰዓቱን እንደ አዲስ ቁጠሪ።

የጉትቻው ጥንድ መፍትሔው ልኬት ነው። ቀይ የጋለ መስታወት ዓይንን ያታልላል፤ ስለዚህ መጠኑን እሳት ውስጥ አትገምቺ፤ አስቀድመሽ ለኪው። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግና ዶቃው የሚጠቀለልበት 2.4 ሚሊ ሽቦ ብትይዢ፣ 12 ሚሊ ክብ ዶቃ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ ይበላል። ለ10 ሚሊ 1.7 ይበቃል፤ ለ8 ሚሊ 0.8 ብቻ። መጀመሪያ ሽቦው ላይ የምትጠቀልዪው ንብርብር ስፋትም እኩል ይሁን። ሰፊ ጠቅልለሽ መስታወት ካሳነስሽ የቀዳዳው ጠርዝ ስለት ይሆንና ክር ይበጥሳል። ለአንድ ጥንድ አራት ወይም አምስት ዶቃ ተከታታይ ሥሪ። ሲበርዱ በወርቅ ሚዛን መዝኝና የሚቀራረቡትን ሁለቱን ምረጪ። 12 ሚሊ ዶቃ 2 ግራም ትንሽ አለፍ ይላል። ልዩነቱ ከ0.1 ግራም ካልበለጠ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ማንም አይለየውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ዶቃዎችሽ የማይስማሙት ሁሉም ዋና መሆን ስለፈለጉ ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራዋ አንድ ናት። በአንድ ሐብልም መሀል ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትልቅ ዶቃ ትኑር፤ 14 ሚሊ ብትሆን ጥሩ ነው። ቀለሙንም ጌጡንም እሷ ትሸከም። በግራና በቀኝ ያሉት አራት ወይም ስድስት ዶቃዎች ከእሷ ሁለት ነገር ብቻ ይውሰዱ። የቀሩት ትንንሽ፣ ባለ አንድ ቀለምና ያለ ጌጥ ይሁኑ። እነዚህን ለመሥራት እንደሚሰለች አውቃለሁ። ግን ትልቋን የሚያሳዩዋት እነሱ ናቸው። የብር መስቀል የምታንጠለጥዪ ከሆነ ዋናው መስቀሉ ነው፤ ትልቋን ዶቃ አውጫት።

ሌላው፣ ሁሉንም የሚያያይዝ አንድ ነገር ምረጪ። በጀልባ ዘጌ ተሻግረሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቢ የግድግዳውን ሥዕል ቀረብ ብለሽ እዪው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሙሉ ኃይላቸው አሉ፤ ግን አይጣሉም። የእያንዳንዱን ፊትና ልብስ ዳር ያው ጥቁር መስመር ስለዞረው ነው። አንቺም ቀጭን የመስታወት ክር ስበሽ ጌጥ ባላቸው ዶቃዎች ሁሉ ላይ በአንድ ውፍረት አዙሪው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ተራው ጥቁር ዘንግ በጣም ሲቀጥን ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ወፈር አድርጊው።

ቀለሙን ሦስት ላይ አቁሚ። ለምሳሌ በክረምት የጣና ውኃ ቡናማ ነው፤ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ደንገል፣ ውኃው ላይ ነጭ ይብራዎች። ቡናማው ይብዛ፣ አረንጓዴው ይከተል፣ ነጩ ጥቂት ቦታ ብቻ ብቅ ይበል። ሦስቱን እኩል እኩል ካደረግሻቸው ተመልሰው ይጣላሉ።

መስታወት ደግሞ እንደ ቀለም እርሳስ አይደለም፤ እርስ በርሱ ይነካካል። ቱርኩዊዝ (አረንጓዴ አዘል ሰማያዊ) በዝሆን ጥርስ ቀለም ላይ ሲያርፍ የቱርኩዊዙ መዳብና የዝሆን ጥርሱ ድኝ ተዋሕደው ድንበራቸው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣሉ። ውብ ነው፤ ግን አንዱ ዶቃ ላይ ወጥቶ ሌላው ላይ ከቀረ ስብስቡን ያፈርሰዋል። ቀይ ዘንግ ደግሞ ቀለሙን የሚያመጣው እንደገና ሲሞቅ ነው፤ ከበዛበት ወደ ጉበት ቀለም ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ስብስብ ቀይ ዶቃዎችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት እሳት ጨርሺ።

ቶርቹን ከመለኮስሽ በፊት ሐብሉን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ ሣዪው። ዶቃዎቹ ሲያልቁ በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሪና በስልክሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺ። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ስብስቡ ዋና የለውም ማለት ነው፤ መሀሉን አደምቂ ወይም ዳር ያሉትን አፍዝዢ።

አምባር የምትሠሪ ከሆነ ጉብ ጉብ ያለ ነጥብ የሌለባቸውን ምረጪ፤ ከጠረጴዛ ጋር ስለሚጋጩ ነጥቡ ይላቀቃል።

ከእያንዳንዱ ስብስብ አንድ አንድ ትርፍ ዶቃ አስቀሪ። የዘንጉን ርዝመት፣ ክብደቱንና የቀለሞቹን ስም በወረቀት ጽፈሽ አብረሽ እሰሪው። ደንበኛሽ አንድ ጉትቻ ጠፋብኝ ብላ ስትመጣ ከዚያ ላይ እያየሽ ትሠሪላታለሽ።