ለድሮ ኦቨርድራፍት የሚደውሉልሽ ሰዎች፦ ወረቀቱን ሳታዪ እንዳትፈርሚ

ሸዋሮቢት ሱቅ ያለሽ እህቴ፣ ከዓመታት በፊት ከባንክ በወሰድሽው ኦቨርድራፍት (ሂሳብሽ ላይ ካለው በላይ እንድታወጪ በሚፈቀድ ብድር) የባንኩ ሰዎች «አሁኑኑ ካልከፈልሽ ሱቅሽን እናሽጋለን» እያሉ ጠዋት ማታ እንደሚደውሉልሽ ጽፈሻል። «ለጊዜው ትንሽ አስገቢና ስምምነት ፈርሚ» ብለውሻል። እኔም ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ገብስና ባቄላ ስነግድ በዚሁ ነገር አሳሬን አይቻለሁ።

1. ትንሽ የተባለችውን አታስገቢ፣ ስምምነቱንም አትፈርሚ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለ የገንዘብ ጥያቄ በመደበኛው 10 ዓመት ይርጋ አለው፤ ይርጋ ማለት ካለፈ ክሱን መቃወም የሚያስችልሽ የጊዜ ገደብ ነው። ዕዳውን በጽሑፍ ካመንሽ ወይም ጥቂት ብር እንኳ ከከፈልሽ ያለፈው ጊዜ ይሰረዛል። ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ደዋዮቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ደግሞ ዳኛው በራሱ ተነስቶ ይርጋን አያነሳልሽም። መጥሪያ ከመጣ ቀርበሽ በመጀመሪያው መልስሽ ላይ ማንሳት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

2. ሂሳቡ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለውን ሙሉ የሂሳብ መግለጫ በደብዳቤ ጠይቂ። ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ለይተው ይስጡሽ። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤዬን ይዤ ስሄድ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ዋናውን ተቀብላ ኮፒዬ ላይ ማህተም አላደርግም አለችኝ። «ተቀብለናል አልኩህ እኮ፣ ምን ትፈልጋለህ?» ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያየኛል። እንደ ለማኝ ነው ያቆመችኝ። ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይጻፍበት አልሄድም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ ሲያይ ማህተሙ ወዲያው ተገኘ። እምቢ ካሉሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው። ደረሰኙ ማስረጃ ነው።

መግለጫው ሲመጣ ከባለቤቴ ጋር መሬት ላይ ዘርግተን ቁጭ አልን። የገቢ ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀምጣቸው ኖሯል። እግዜር ይስጣት። የካርቦኑ ቀለም ደብዝዟል፣ ማህተሙና ቀኑ ግን ይነበባል። አንድ በአንድ ስናመሳክር ያስገባሁት ሁለት ገቢ መግለጫው ላይ የለም! በዚያ ባልተመዘገበ ብር ላይ ስንት ዓመት ወለድ ሲቆጥሩብኝ ነበር። ኮፒውን አያይዤ ጻፍኩ። ሂሳቡ እንደገና ተሰርቶ ዕዳው በጣም ወረደ። የቀረውን የእኔ ነውና ከፍዬ ጨርሻለሁ። የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም።

3 ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ዘመድ ነው። እኔን ሲያጡ ወንድሜ ጋ ደወሉ። ወንድሜ አስተማሪ ነው፣ ዋስም አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ፊት ስለ እኔ ዕዳ አወሩበት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያልፈረመ ዘመድ የአንቺን ዕዳ አይጠየቅም። ለዘመዶችሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ «እሷን አናግሩ» ብለው ስልኩን ይዝጉ። የፈረመ ዋስ ካለሽ ግን ጉዳዩ እሱንም ይነካዋልና አብራችሁ ተመካከሩ።

ስለ ማሸጉ ደግሞ፣ ሱቅሽ ወይም ቤትሽ መያዣ ካልሆነ ያለ ፍርድ ቤት ማንም መጥቶ አያሽግም። የሚደውለው ሰውዬ ድምፁን ከፍ ስላደረገ ዳኛ አይሆንም። በመያዣ ከተያዘ ግን እኔ የሄድኩበት መንገድ አይበቃሽም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ያ ደብዳቤ ከደረሰሽ አንድ ቀን ሳታሳድሪ ጠበቃ ጋ ሂጂ።

ከፍለሽ ከጨረስሽም ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለብሽ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ በጽሑፍ ተቀበዪ። ንብረትሽ ላይ እገዳ ካለ የማንሻ ደብዳቤውን ራስሽ ተከታትለሽ አስወጪ፣ እነሱ አስታውሰው አይልኩልሽም። የውል ወረቀትሽን አውጥተሽ መያዣ የሚል ካለበት ጻፊልኝ፣ ደብረ ብርሃን ያገዘኝን ጠበቃ አገናኝሻለሁ።