ፍሬሽ ሆነሽ ለምትገቢው፦ ውጤትሽ ላይ ሰረዝ ካየሽ በዚያው ቀን ሂጂ

«ዘንድሮ ፍሬሽ ሆኜ ልገባ ነው፣ ናቹራል ነኝ፣ ምን ዓይነት ልማድና አመለካከት ይዤ ብገባ ይሳካልኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። የመለሱልሽን አነበብኩት። በጊዜ ተኚ፣ በጠዋት ተነሺ፣ ፕሮግራም አውጪ፣ ከጥሩ ጓደኛ ጋር ዋይ። እውነታቸውን ነው። እኔም ስገባ ይኸው ተነግሮኝ ነበር። ፕሮግራሜን በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ጽፌ አልጋዬ ራስጌ ላይ ለጥፌዋለሁ። ያ ያማረ ወረቀት ግን ከኤፍ አላስጣለኝም።

የገባሁት በ2012 ነው። የፍሬሽማን ፕሮግራም፣ ማለትም ዲፓርትመንት ከመመደብሽ በፊት የምትማሪው የአንደኛ ዓመት ትምህርት፣ ተመልሶ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን። ሲኒየሮቹ ራሳቸው ስላላለፉበት የሚመክረን አልነበረም፤ ሞጁሉን በቴሌግራም እየተቀባበልን እናነብ ነበር። የግቢውን ስም አልጠራም። ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነው፣ ይኼ ይበቃል።

በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. የፈተና ወረቀት ሲሰጡሽ ጥያቄውን ከማየትሽ በፊት ስምሽን፣ አይዲ ቁጥርሽንና ሴክሽንሽን ጻፊ። «ይኼ ምክር ነው?» ትይኛለሽ። ነው።

በአንደኛው ሴሚስተር ባለ ሦስት ክሬዲት ስድስት ኮርስ ነበረን፦ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ማትስ፣ ፊዚክስና ጂኦግራፊ። ስፖርትም አለ፣ እሱ ግን ወይ ታልፊዋለሽ ወይ ትወድቂዋለሽ እንጂ ነጥብ ውስጥ አይገባም። ጂኦግራፊን ሁላችንም ንቀነው ነበር። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ነው፤ ደጋና ቆላ፣ ስምጥ ሸለቆ፣ ተፋሰስ፣ ከልጅነታችን የምናውቀው ይመስለናል። የሚዱ፣ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተናው፣ ቀን ከዶርሜ (አብራኝ ዶርም ከምታድረው ልጅ) ጋር አርፍደን እየሮጥን ደረስን። የኔ ሴክሽን የሚፈተንበት ክፍል ሞልቷል፣ ፈታኙ «ከዚያኞቹ ጋር ግቢ» አለኝ፣ ገባሁ፣ አቴንዳንሱ ላይ ስሜ የለም፣ ከሥር በእስክሪብቶ ጨመርኩት፣ ሴክሽን የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፍኩ እስከ ዛሬ አላስታውስም። ፈተናው ቀላል ነበር። እየሳቅኩ ነው የወጣሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። ታውቂዋለሽ መቼም፣ ገና ባትገቢም ትደርሺበታለሽ፤ መስታወቱ ፊት ሰው ይጋፋል፣ አንዱ በትከሻሽ ላይ አሻግሮ ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ ያነሳል። ጣቴን መስታወቱ ላይ እያስኬድኩ አይዲዬ ጋ ደረስኩ። ከ30 ስንት በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አለ። በእስክሪብቶ የተሰመረች አጭር ሰረዝ። ከላዬ ያለችው 19፣ ከታቼ ያለው 22፣ እኔ ሰረዝ።

ዶርሜ «አሁኑኑ ቲቸሩ ቢሮ ሂጂ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ይስተካከላል» አልኩ። ማን እንደሚያስተካክለው እግዜር ይወቅ።

2. ቲቸር መፍራት ትተሽ ግቢ። እኛ ቤት ልጅ ሲያድግ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ነው። አባቴ ይወደው ነበር። ታላቅ ሲናገር አይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው ያደግኩት፣ አስተማሪ ደግሞ ከታላቅም በላይ ነው። ይኼ ጨዋነት ሠፈር ውስጥ ያስመሰግናል። ግቢ ውስጥ ግን ማንም መጥቶ አይፈልግሽም። ቀርተሽም ገብተሽም፣ ታመሽም ድነሽም፣ ካልተናገርሽ የለሽም። በእንግሊዝኛ መጠየቅ ካሳፈረሽ ክፍል ውስጥ ተዪው፣ ቢሮው ሄደሽ በአማርኛ ጠይቂው። እኔ የፈራሁት የጂኦግራፊውን ቲቸር ነበር፤ በሚድ ጊዜ ማስታወሻ ይዛ የተገኘችን ልጅ ሲያዋርዳት አይቼዋለሁና ጠባዩ ያስፈራኝ ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ተሳስቼ ነበር።

ፋይናል ተፈተንን። ግሬድ ሲወጣ ጂኦግራፊ ላይ ኤንጂ መጣልኝ፣ ማለትም ግሬድ የለም። ኤንጂ ውድቀት አይደለም፣ «ያልተሟላ ነገር አለሽ፣ ነይና አስተካክዪ» ማለት ነው። ግን ቀን አለው። በቀኑ ካላስተካከልሽው ወደ ኤፍ ይዞራል። የእኛን ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈውት ነበር አሉ። እኔ አላየሁትም።

3. ሪጅስትራር፣ ግሬድ የሚመዘግበው ቢሮ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው መሰለኝ፣ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ኤንጂውን ካየሁ በኋላ ሦስት ቀን አልቅሼ በአራተኛው ሄድኩ። መስኮቷ ጋ ያለችው ሴትዮ ቆሎ እየቆረጠመች ነው። ቀና አላለችም። «ኤንጂ ነው? ቲቸርሽ ይጻፍልሽ።» ምን ብሎ ይጻፍልኝ? «እሱ ያውቃል።» የት አገኘዋለሁ? «እኔ እሱን ጠባቂ ነኝ?» ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ተመለስኩ፣ ስብሰባ ናቸው። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ መብራት የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በነሱ ላላሳብብ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። «ሰኞ እሄዳለሁ» እያልኩ። ሰኞ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተባለና ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን።

«እኔ ኮሮና የለብኝም» እንዳትዪ። ኮሮና አይደለም የጣለኝ። ከሰረዟ እስከ ኤንጂው፣ ከኤንጂው እስከ መጋቢት ሁለት ወር ያህል ነበረኝ።

ስንመለስ 2013 ገብቶ ነበር። ኤንጂው ኤፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ያን ቀን መስኮቷ ፊት አለቀስኩ። ሎጂክ ላይ «አፒል ቱ ፒቲ» የሚባል ፋላሲ (የተሳሳተ ሙግት) አለ፣ ማስረጃ ሲያጥርሽ አንጀት ለመብላት መሞከር። ቢ ያገኘሁበትን ኮርስ ቆሜ በተግባር ሠራሁት ማለት ነው። አልሠራም። «ጊዜው አልፏል።»

ከዚያ ነው በመጨረሻ ቲቸሩ ቢሮ የገባሁት። ያ የፈራሁት ሰውዬ «ተቀመጪ» አለኝ። ስሜን ጠየቀኝ። ከመሳቢያው ቡናማ ፖስታ አወጣ፣ የሌላኛውን ሴክሽን ወረቀት እያገላበጠ መፈለግ ጀመረ። የኔ ወረቀት እዚያ ነበር። ታርሟል። በቀይ 24 ከ30 ተጽፎበታል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ለምንድነው ያኔ ያልመጣሽው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤም ጻፈልኝ፣ ግን ዘግይቷል፤ ኮርሱን ድገሚ ተባልኩ።

አንድ ኤፍ ምን እንደሚያደርግ ላሳይሽ፣ ማንም ቁጭ ብሎ አያሰላልሽምና። በሌሎቹ አምስት ኮርሶች ሎጂክ ቢ (3)፣ ሳይኮሎጂ ኤ ማይነስ (3.75)፣ እንግሊዝኛ ቢ ፕላስ (3.5)፣ ማትስ ቢ (3)፣ ፊዚክስ ቢ ማይነስ (2.75) ነበረኝ። ሲደመር 16፣ በ3 ክሬዲት ሲባዛ 48። ጂኦግራፊ ቢ ፕላስ ቢሆንልኝ 10.5 ይጨመርና 58.5 ለ18 ሲካፈል 3.25 ነው። በኤፍ ግን 48 ለ18፣ 2.67። ያነበብኩት ያው ነው፣ የመለስኩት ያው ነው። የዲፓርትመንት ምደባ ደግሞ የፍሬሽማን ውጤትሽን ያያል። ፋርማሲ ነበር ልቤ። ስታቲስቲክስ ደረሰኝ።

ስለዚህ ከማንኛውም ፕሮግራም በፊት የላስቲክ ክላሰር ግዢ። የእያንዳንዱን ሚድ፣ ኩዊዝና አሳይመንት ውጤት በተለጠፈበት ቀን ፎቶ አንሺና ደብተር ላይ በእጅሽ ጻፊው። ያልገባሽ ቁጥር ወይም ሰረዝ ካለ በዚያው ቀን መጀመሪያ ቲቸሩ ጋ ሂጂ፣ እሱ ካልፈታው የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጋ፣ ከዚያ ነው ሪጅስትራር። እኔ የሄድኩት ከኋላ ወደ ፊት ነው። በቃል ብቻ አትለምኚ። ማመልከቻ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ የገባበትን ቁጥርና ቀን ኮፒሽ ላይ አስጽፊ። ከታመምሽ የክሊኒኩን ወረቀት ዶርም አታስተኚው፣ በማግሥቱ አድርሺው። «ነገ ነይ» ካሉሽ ነገ ሂጂ። አሰልቺያቸው። ደጅ መጥናት ያሳፍራል፣ ግን ኮርስ እንደ መድገም አያሳፍርም፤ እኔ ከታናናሾቼ ጋር የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስምጥ ሸለቆን ሁለተኛ ስማር አንዱ ልጅ «ቲቸር ናት እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ኤ አመጣሁበት፣ ይመዝገብልኝ።

ስለ ጥናቱ ብዙ አልልም፣ ሌሎቹ ብለውታል። ቸከላ፣ ሳይገባሽ መሸምደድ፣ ሚድ ያሳልፍሽ ይሆናል፣ ማትስና ፊዚክስ ላይ ግን ጉድ ይሠራሻል። የዕለቱን በዕለቱ 40 ደቂቃ እይው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጥያቄ ሥሪ። ዶርም ውስጥ አይጠናም። ስድስት ሴት፣ አንድ ሶኬት፣ አንዷ ፀጉሯን ትሠራለች፣ አንዷ ከፍቅረኛዋ ጋር ትጣላለች። ላይብረሪ ሂጂ፣ ስልክሽን ዶርም ትተሽ።

አንድ ነገር ደግሞ። ፈርተሻል፣ ከጥያቄሽ ያስታውቃል። እናንተ እኮ ከኛ የከበደ በር አልፋችሁ ነው የምትገቡት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በአጋጣሚ አይደለም የገባሽው፤ እንግዳ እንደሆነ ሰው ጥግ ይዘሽ አትቁሚ።

እኔ ያን ሁሉ ሆኜ በ2015 ተመረቅኩ፣ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የመጣው እኛ ላይ ነው፣ አለፍኩት። ያልመረጥኩት ስታቲስቲክስ ዛሬ እንጀራዬ ነው፣ እወደዋለሁም። ፋርማሲ በገባሁ ኖሮ ብዬ አሁንም የማስብበት ቀን ግን አለ። መድኃኒት ቤት ስገባ በተለይ።

ምደባሽ ሲወጣ የት እንደደረሰሽ ጻፊልኝ። ደጋ ከሆነ ጋቢ ያዢ፣ የግቢውን ብርድ ልብስ አትመኚው። ቁልፍ ደግሞ ሁለት ግዢ፣ አንዱ ለሎከርሽ፣ አንዱ መጠባበቂያ።